በነጻ ስለ ተባለ ነገር

ወጣቶች ሆይ፥ በነጻ የተሰጠ የሚመስል ነገር ሁሉ በስተኋላው ከፋይ አለው። ከፋዩን የማያስብ ሰው ስጦታውን ያባክናል፤ ከፋዩን የሚያስብ ግን እንደ አደራ ይጠብቀዋል። ይህን ለማስረዳት ከእንግሊዝ አገር ታሪክ አንድ ምሳሌ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእኔ ዕድሜ ያለ ኢትዮጵያዊ «ሶሻሊዝም» የሚለውን ቃል አብዝቶ የሰማው ከ1974 በኋላ፥ በደርግ ዘመን ነው። ቃሉ በአዋጅና በጠመንጃ ታጅቦ ስለ መጣ፥ ዛሬም ስሙ ሲነሣ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በምርጫ በሚተዳደሩ አገሮች ከዚሁ ሐሳብ የተቀዳ ሌላ ዓይነት ሥራ ተሠርቷል። ይኸውም ሕዝብ ተከራክሮና ድምፅ ሰጥቶ ያቋቋመው፥ ባይስማማው ደግሞ በድምፁ ሊለውጠው የሚችለው ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩን አንዲት እንግሊዛዊት መምህርት ስለ እናታቸው ነግረውናል። እናታቸው ለብዙ ዓመት የሆድ ሕመም ነበረባቸው። ነገር ግን ለሐኪም የሚከፈለው ገንዘብ ለልጆቹ ዳቦና ለምድጃው ከሰል ያስፈልግ ነበርና፥ ሕመማቸውን ከባላቸው እንኳ ሸሽገው ይኖሩ ነበር። ይህ የአንዲት ቤት ችግር ብቻ አልነበረም። በ1911 የወጣው የመድን ሕግ ደመወዝተኛውን ሠራተኛ ሐኪም እንዲያገኝ ሲረዳው፥ ሚስቱንና ልጆቹን አይጨምርም ነበር። ስለዚህ እናት ታማ ዝም ማለቷ የተለመደ ነገር ሆነ።

በ1942፥ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፥ ዊልያም ቤቨሪጅ የተባለ ሊቅ ሰፊ የጥናት ጽሑፍ አወጣ። በዚያም ጽሑፍ አገርን የሚያጠቁትን አምስት ታላላቅ ጠላቶች እጦት፥ በሽታ፥ ድንቁርና፥ የመኖሪያ ጉስቁልናና ሥራ ማጣት ብሎ ቈጠራቸው። በ1945 የሠራተኛው ፓርቲ በምርጫ አሸነፈና ክሌመንት አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን፥ የጤናው ሥራ ለአኑረን ቤቫን ተሰጠ። ቤቫን በዌልስ፥ በትሬዴጋር ከተማ የተወለደ፥ ገና በልጅነቱ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ የገባ ሰው ነበር። በዚያች ከተማ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ሐኪምና መድኃኒት የሚያገኙበት ማኅበር ነበራቸው፤ የእኛ ሰው በእድሩ ለቀብር እንደሚያዋጣው ማለት ነው። ቤቫን በከተማው ያየውን ለአገሩ ሁሉ አሰበው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ከሐኪሞች ብዙዎቹ አጥብቀው ቢቃወሙም፥ ሥራው ጁላይ 5 ቀን 1948 ተጀመረ። ሀብታምም ሆነ ድኻ በሚታከምበት ሰዓት ገንዘብ አይጠየቅም ነበር። ያን ጊዜ ለዓመታት ሕመማቸውን ሸሽገው የኖሩ ሴቶች ወደ ሐኪም ቤት መጡ፤ የመምህርታችንም እናት ከእነርሱ አንዷ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት የታደለው መነጽር ከ5 ሚሊዮን ይበልጣል። ስንት ሰው ጽሑፍ ማንበብ፥ መርፌ ማስገባት ተስኖት ይኖር እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል።

ታዲያ ማን ከፈለ? ሕዝቡ ራሱ ከፈለ። በዚያን ዘመን መደበኛው የገቢ ግብር ከአንድ ፓውንድ፥ ማለት ከ20 ሺሊንግ፥ 9 ሺሊንግ ነበር። ወጪውም ከታሰበው በላይ ስለ ሆነ፥ በ1951 መንግሥት ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍያ እንዲኖር ወሰነ፤ ቤቫንም ይህን ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ተቃዋሚው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ በምርጫ ሲያሸንፍ፥ ሥራውን አላፈረሰውም። መንግሥት ተለወጠ፤ የበሽተኛው አልጋ ግን አልተነሣም።

ነገሩ እንከን የለውም አልልም። የገንዘቡ ደጅ ሲከፈት የወረፋው ደጅ ይጠብባል። በ2023 በእንግሊዝ ለሕክምና ተራ የሚጠባበቀው ቍጥር ከ7 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ከዚህ መካከል በጭንቀትና በስቃይ ብዙ ወር የሚቈጥር ሰው አለ። እንግዲህ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ የሰው ጠባይም ይፈለጋል። ግብሩን የሚሰውር ነጋዴ የሚሰርቀው ከመንግሥት ብቻ አይደለም፤ ከማያውቀው በሽተኛ ራስጌ መድኃኒቱን ያነሣል። ቀጠሮ ይዞ ያለ ምክንያት የሚቀርም ሰው የሌላውን ተራ ይበላል።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎችም ተስፋፍቷል። ጤነኛው ገበሬ መዋጮውን ሲከፍል «ዘንድሮ አልታመምሁም፤ ገንዘቤ ጠፋ» ሊል ይችላል። አልጠፋም፤ የጎረቤቱን ልጅ አሳክሟል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ የሕዝብ የሆነ ነገር በእጃችሁ ሲገባ፥ የትምህርት ቤት መጽሐፍም ቢሆን፥ የቧንቧ ውኃም ቢሆን፥ «ይህን ማን ከፈለልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነገ ደመወዝ ስትቀበሉ ደግሞ «እኔስ ለማን እከፍላለሁ?» በሉ። ሁለቱን ጥያቄዎች አብሮ የሚጠይቅ ሕዝብ ርዳታው አያሰንፈውም፤ ግብሩም አያስመርረውም።