የአንድ ጠባሳ ጉዳይ

ዳይኖሰርን በዓይኑ አይቶ የሳለ ሰዓሊ የለም። ቶሮንቶ የተወለዱት ልጆቼ ግን መልኩን ከአያታቸው መልክ አስበልጠው ያውቁታል፤ አያታቸውን በስልክ፣ ዳይኖሰርን በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ነዋ የሚያገኙት! እኔም የድንቅነሽ አገር ሰው ነኝና አጽም ብርቄ አይደለም እያልኩ እጠባረር ነበር። የእሷ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን፣ የእነዚህ 75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ሳነብ አፌን ያዝኩ።

ከሁሉም ቀልቤን የሳበው ፓራሳውሮሎፈስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አልበርታ ውስጥ፣ ከሬድ ዲር ወንዝ ዳር ቆፍሮ አወጣው። በ1922 ተመራማሪው ዊልያም ፓርክስ ስም ሲያወጣለት ዝርያውን በሙዚየሙ የቦርድ ሰብሳቢ፣ በሰር ባይረን ኤድመንድ ዎከር ሰየመው። አለቃን ማስደሰት የትም አለ።

አጽሙ ግን ሙሉ አይደለም። ጅራቱ አብዛኛው የለም፤ የኋላ እግሮቹም ከጉልበት በታች ጎድለዋል። በሥዕል የምናየው ጅራት ከዘመዶቹ የተዋሰው ነው። ከራስ ቅሉ ወደ ኋላ የተዘረጋው ረጅም ጉትዬም ብዙ አናግሯል። ውስጡ ክፍት ቱቦ በመሆኑ፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚተነፍስበት ነው ተባለ፤ ጫፉ ግን ድፍን ነው። በ1981 ተመራማሪው ዴቪድ ዋይሻምፔል የቱቦዎቹን አሠራር መርምሮ ድምፅ ማጉያ ናቸው አለ፤ ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት ይህንኑ ነው።

ትከሻው አጠገብ፣ አከርካሪው ላይ ደግሞ አንድ ስርጉድ ቦታ አለ። ፓርክስ ከጉትዬው ተነስቶ እዚያ የሚያርፍ ጅማት ጭንቅላቱን ይደግፍ ነበር ብሎ ገመተ። በ2020 ግን ተመራማሪዎች አጥንቱን እንደገና ሲያዩት ስርጉዱ ጠባሳ ሆኖ ተገኘ። ከባድ ነገር፣ ምናልባት ዛፍ፣ ወድቆበታል፤ የጎድን አጥንቱም ተሰብሯል። ምስኪኑ ግን ድኖ ኖሯል። የአንዱ አደጋ የዘር መልክ ተደርጎ መቶ ዓመት ሊሞላው ነበር!

አጎቴ ከፈረስ ወድቀው ዕድሜ ልካቸውን ያነክሱ ነበር። ከሺህ ዓመት በኋላ የእሳቸው አጽም ብቻ ተገኝቶ «የጎጃም ሰው አካሄዱ እንዲህ ነበር» ቢባል ማን ይከራከርላቸዋል?

ጠባሳ ሁሉ ግን ያሳስታል ማለት አይደለም። በ2014 ሞንታና ውስጥ ተገኝቶ ወደዚሁ ሙዚየም የመጣው ዙል የተባለው ዳይኖሰር፣ ቆዳውና እሾሁ ሳይቀር አብሮት ቆይቷል፤ ጅራቱ ጫፍ ላይም የአጥንት ቆመጥ አለው። የተሰበሩትና መልሰው የዳኑት እሾሆቹ ያሉት ዳሌው ግራና ቀኝ ላይ ነው። በ2022 የወጣ ጥናት፣ ስብራቱ እርስ በርስ በጅራት ሲደባደቡ የደረሰ ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ የአዳኝ ንክሻ ቢሆን ኖሮ ቦታ ባልመረጠ ነበር። ለነገሩ አጎቴም በዚያው ጎናቸው ሦስቴ ወድቀው ቢሆን፣ የሚጠናው የጎጃም ሰው አካሄድ ሳይሆን የእሳቸው የፈረስ አጋለብ ይሆን ነበር።