ከፋሲል ግንብ ወዲያ ቁልቁል

ጎንደር ደርሶ የተመለሰን ሰው «ምን አየህ?» ብትሉት ፋሲል ግንብን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ቁስቋምን ይቆጥርላችኋል፤ ብርቱ የሆነው ደግሞ ደባርቅ ወጥቶ ጭላዳ አይቷል። ወደ ምዕራብ የሚወርደውን መንገድ የሚያነሳ ግን የለም። ቆላውን ለሰሊጥና ለንግድ እንጂ ለሽርሽር ማን አስቦት! እኔም በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ወደ አብርሃ ጅራ የወረድኩት ሰሊጥ የሚያሳጭድ የአጎቴ ልጅ ስለነበረኝ ነው።

በትክል ድንጋይና በሳንጃ በኩል ሲወረድ፣ ጎንደር ላይ የተደረበው ጋቢ መጀመሪያ ከትከሻ፣ ቀጥሎም ከጉልበት ይነሳል። አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። በኅዳር ትልቁ ትርዒት ማሳው ነው። የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ስለሚቆም ሜዳው የጎጆ ሰፈር ይመስላል። ፍሬው ደርቆ አፉን ሲከፍት ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። አንድ ሳምንት የዘገየ ማሳ መሬት ላይ ረግፎ ይቀራል።

ይህን የሚሠራው ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አገሬው «ሳሉግ» ይለዋል። ማታ እዚያው ማሳ ዳር ይተኛል። ከትንኝ የምታንሰው የአሸዋ ዝንብ ከዋልካው ስንጥቅ ወጥታ ካላዛርን የምታስተላልፈው በሌሊት ነው። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ጨረቃ የበራችበትን ሜዳ እያየሁ «እንዴት ያምራል!» ብል የአጎቴ ልጅ «መጀመሪያ አጎበርህን ዘርጋ፣ ከዚያ ታደንቃለህ» አለኝ።

ከማሳው ራቅ ሲሉ የእጣን ዛፍ አለ። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ የሞተ ይመስላል። ቅርፊቱ በስለት ሲላጥ ወተት መሳይ ሙጫ ያነባል፤ ደርቆም ይለቀማል። በየቤተ ክርስቲያኑ ጽና፣ በየቤታችን ቡና ላይ የሚጨሰው ይህ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አሽትቼው ዛፉን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1772 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ወደ ስናር ሲሻገር ያለፈው በዚሁ በመተማ ቆላ ነው። በዚያው ያለው የራስ አል ፊል ግዛትም በስሙ ተሹሞለት ነበር። የርሱ አገር ሰዎች ይህን ቆላ በ1790 እ.ኤ.አ. ከታተመው መጽሐፉ አነበቡት፤ እኛ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ይርቀናል።

ለመተማ ሌላ ቀን ይያዝ። ጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለውን የድርቡሽ ጦር ለመግጠም የዘመቱት አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚህ ቆሰሉ፤ ድሉ እጃቸው ሊገባ ሲል። በማግስቱ አረፉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማይቱ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ባሻገር ጋላባት ይታያል። እኔ በቆምኩበት ሰዓት የሚያልፈው ሰው ሁሉ ስለ ምንዛሬ ያወራ ነበር፤ እኔም ብሆን ዓይኔ አንድ ጀበና ላይ ነበር።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በዚያው በር ሻንጣና ሕፃን የያዙ ሰዎች ገቡ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያ ተቀሰቀሰ፤ የአጎቴ ልጅም «ዘንድሮ አትምጣ» ብሎ ደወለልኝ።

ሰላም ሲሆን የሚሄድ ሰው ኅዳርን ወይም ታኅሣሥን ይምረጥ። በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በክረምት ዋልካው መኪና ይይዛል። ቀን የተረፈው ወደ ቋራ፣ ወደ ካሳ አገር ይዝለቅ፤ በ2008 ዓ.ም. አንበሶች መኖራቸው በካሜራ የተረጋገጠበት የአላጥሽ ፓርክ እዚያ ነው። እኔ ያን መንገድ ገና አልሄድኩበትም።