ቫዝሊንና በረኪና

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ የጥር ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲገባ የማይሰነጠቅ እጅ የለም። ቤታችን እየመጣች ልብስ የምታጥበው ሴት ጣቶቿ ሲደሙ አየሁና እንደለመደብኝ ሌክቸር ጀመርኩ።

«ሳሙናውና በረኪናው የቆዳሽን ወዝ አጥቦ ይወስደዋል። ቫዝሊን ደግሞ እርጥበት አይሰጥም፤ ያለው እንዳይተን ይከድናል እንጂ። ስለዚህ እጅሽ ሳይደርቅ ተቀቢው፤ ማታ ካልሲ አጥልቂበት።»

«ጋሼ፣ ቀን ብቀባው ነጩን አንሶላ ያቆሽሽብኛል። ማታ ሕፃን አቅፋለሁ፤ በካልሲ እንዴት አድርጌ?»

እናቴ ቅቤ ትቀባ ነበር። እናቴ ግን የሰው ልብስ አላጠበችም።

የጎማ ጓንት ገዛሁላት። በሳምንቱ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

«የኮሌታው እድፍ መልቀቁ በጓንት አይታወቀኝም» አለችኝ።

በረኪናውን ግን እኔው ከቤት አስወጣሁት። ነጩ ሸሚዜ ትንሽ ወይቧል።