ስለ ቀን ሠራተኛ ዋጋ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የከተማ ሰው ዓይኑን ወደ ግቢው ይመልሳል። ሣሩ ከጉልበት በላይ አድጓል፤ የአጥሩ እንጨት ከሥሩ በስብሷል፤ የውሃ መውረጃው ቦይ በደለል ተደፍኗል። ልጆቻችን በትምህርት፥ እኛም በዕድሜ ምክንያት ይህን ሥራ ስለማንችለው፥ ማለዳ ዶማና አካፋ ይዘው በአደባባይ ዳር ከሚቆሙት ወንድሞች አንዱን እንጠራለን። ያን ጊዜ የምንጠይቀው፥ «ስንት ይበቃዋል?» ብለን ነው። እኔ ግን፥ «ስንት ይገባዋል?» ብንል ይሻላል እላለሁ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት የአንድ ቤተ ሰብ እራት ያህል ነውና።

በአንድ የመስከረም ሰሞን አንድ ጎልማሳ ሣሩን እንዲያጭድልኝ፥ ቦዩንም እንዲጠርግልኝ ብጠራው፥ የቀኑን ዋጋ 700 ብር አለኝ። በአጠገቤ የነበረው ጎረቤቴ፥ የተማረና ከቤተ ክርስቲያን የማይለይ ሰው፥ «መሪጌታ፥ ይህማ ገበያ ማበላሸት ነው፤ በ400 የሚሠራ ሞልቷል» አለ። ደግሞም የወይኑን ቦታ ባለቤት ምሳሌ ጠቅሶ፥ ተስማምቶ በገባ ሰው ላይ በደል እንደሌለ ተከራከረኝ።

የጠቀሰው ነገር በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 20 በእውነት አለ። ነገር ግን ምሳሌውን እስከ ፍጻሜው ያነበበ ሰው፥ ያ ባለቤት ለቀደሙት ውሉን ከጠበቀ በኋላ፥ የሚቀጥራቸው አጥተው ቀኑን ሙሉ ቆመው በ11 ሰዓት ለገቡትም የሙሉ ቀን ዋጋ እንደ ሰጠ ያገኛል። ምሳሌው የተነገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት መሆኑ እሙን ነው፤ ዳሩ ግን በቅኔ ቤት እንደ ተማርነው ሰሙ ሳይቀረጽ ወርቁ የሚፈስበት የለም። ጌታችን ለዚያ ወርቅ የመረጠው ሰም ሥራ አጥቶ በአደባባይ የቆመ ሰው ነው።

«በ400 የሚሠራ ሞልቷል» የሚለውም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚመሰክረው ስለ ራብ እንጂ ስለ ሥራው ዋጋ አይደለም። ላባ የያዕቆብን ደመወዝ አሥር ጊዜ እንደ ለዋወጠበት በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል፤ ያዕቆብም እስከ ጊዜው ድረስ መንጋውን መጠበቁን አልተወም። እንግዲህ ሠራተኛ ችሎ መሥራቱ ዋጋው ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ በምን እንለካው? እኔ መለኪያውን ያገኘሁት ከገጠር ነው። በወንፈል ሥርዓት አንድ ቀን የተሠራለት ሰው አንድ ቀን ሠርቶ ይመልሳል፤ የባለ ሰፊ ማሳውና የባለ ጠባብ ማሳው ቀን እኩል ነው። ከአደባባይ ለጠራነው ሰው ግን በእርሱ ቀን ፈንታ ቀን አንመልስለትም፤ ገንዘባችን የቀናችን ምትክ ሆኖ ይሰጣል። ስለዚህ ምትክነቱ እውነተኛ ሊሆን ይገባዋል።

ጎልማሳውን በሳምንት ስንት ቀን ሥራ እንደሚያገኝ ጠየቅሁት፤ «አባቴ፥ ቢቀና ሦስት ቀን» አለኝ። ሦስት ጊዜ 400 ብር 1200 ነው፤ ለሰባት ቀን ቢከፋፈል ለቀን 172 ብር አይሞላም። ሦስት ጊዜ 700 ግን 2100 ይሆናልና ለቀን 300 ብር ይደርሳል። የቤት ኪራዩም፥ የልጆቹ ደብተርም፥ የዶማው መሳያም ከዚሁ ይወጣል። ሆድ ሥራ ባጣበት ቀን አይጾምለትም፤ ስለዚህ የሠራበት ቀን ያልሠራበትንም ቀን ይሸከማል። ይህን ለጎረቤቴ ባሰላለት ጥቂት ዝም አለና፥ «ጡረተኛው ግን 700 ከየት ያመጣል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም፥ አቅም ያነሰው ሰው ሥራውን ያሳንስ እንጂ ሰውን አያሳንስ፤ ሙሉ ቀን በግማሽ ዋጋ ከማሠራት ግማሽ ቀን በሙሉ ልክ መክፈል ይሻላል የሚል ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለትርፍ ሳይሆን ለግል አገልግሎት የሚደረገውን ቅጥር ግን አይመለከተውም። በግቢያችን ውስጥ ዳኛው ኅሊናችን ነው ማለት ነው። እኔም 700ውን ተስማምቼ፥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፥ የምሳ ዕረፍቱን ጨምሮ፥ እስከ 11 ሰዓት አሠራሁት። ምሳውንም ከዋጋው አልቆረጥሁም፤ በቤቴ የዋለ ሰው እንግዳዬ ነውና።

የቀረው ነገር የመክፈያው ጊዜ ነው። ኦሪት ዘዳግም የድኻ ዋጋ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲሰጥ ያዛል፤ ጦቢትም ልጁን የሠራተኛ ዋጋ በእጁ እንዳያሳድር መክሮታል። «ዝርዝር የለኝም፤ ነገ ና» የሚል ሰው ትንሽ ነገር የተናገረ ይመስለዋል፤ ለሚሰማው ግን ቤት የሚጠብቁት ልጆች ጾም ማደር ነው። በግዕዝ ፈደየ ማለት ከፈለ ማለት ነው፤ ፍዳም ከዚሁ ግሥ ይወጣል። ስለዚህ ዋጋን በጊዜው ያልፈደየ ሰው ፍዳውን ለራሱ እንደሚያቆይ ቋንቋው ራሱ ይነግረናል።

አንባብያን ሆይ፥ የታጨደ ግቢና የተጠረገ ቦይ ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ደስታው ንጹሕ የሚሆነው ግን ያጨደውም ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲገባ ነው።