የአባት እጅ

ከበሮ ሁለት ፊት አለው። ከግንድ ተፈልፍሎ፣ በሁለት አፉ ቆዳ ለብሶ፣ በጠፍር ይወጠራል፤ ሰፊው ፊት ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። በዋግ ኽምራ ደጋ በዓል መድረሱን ከሩቅ የሚያበሥረው ወፍራሙ ነው፤ ሸንተረሩን ዞሮ መጥቶ ደረት ላይ ያርፋል።

ከሰቆጣ ወደ ላሊበላ አብሬው የተጓዝሁት ሾፌር ያጣው ይህንኑ ድምፅ ነበር። አባቱ ከበሮ መቺ ደብተራ ነበሩ፤ ካረፉ ዘመን አልፏል። በአንድ የበዓል ሌሊት ወረቡ በካሴት ተቀድቶ ነበርና፣ ልጃቸው ወደ ፍላሽ አስገልብጦ በመኪናው ያደምጠዋል። የካህናቱ ድምፅ ይሰማል፤ ጸናጽሉ ይሰማል፤ የአባቱ እጅ ግን የለም። ከኋላ ሁለት ትልልቅ የቤዝ ስፒከሮች አስገጥሟል፤ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ግን የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ ነው። ዘፈን ሲከፍትም ቤዙ የሳሳ ስለሆነ፣ «አምፕሊፋየሩ ደካማ ነው» ብለውት ጊደር ሸጦ ሌላ ሊገዛ አስቧል። በልቡ የሚፈራው ሌላ ነው፤ ምናልባት ካሴቱ ከመጀመሪያውም ከበሮውን አልያዘው ይሆናል።

ስንመለስ ሰቆጣ ውስጥ ወደ አንድ አዛውንት ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን።

«ጋሼ፣ አምፕሊፋየሩ ነው አይደል?»

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አሉና አንዲት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ አወጡ። የስፒከሮቹን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው፣ ጫፉን በየተራ ለአፍታ ከድንጋዩ ጋር አነካኩት። አንደኛው ስፒከር ወደ ውጭ ገፋ፤ ሁለተኛው ወደ ውስጥ ሸሸ። የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ ታስሮ ኖሯል።

ወፍራም ድምፅ ረጅም ማዕበል ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገበው ወደ 7 ሜትር ይዘረጋል። በዚህ ርዝመት ፊት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስፒከሮች እንደ አንድ ናቸው፤ አንዱ የገፋውን አየር ሌላው ይስበዋል፤ ድምፁም ሳይወለድ ይሞታል። ቀጭኑ ድምፅ የሚመጣው ከበሮቹ ስፒከሮች ስለሆነ አልተነካም። ኃይል ቢጨመርም ሁለቱ እኩል ይበረታሉና የሚጠነክረው ጠባቸው ነው።

አዛውንቱ ሁለት ሽቦ አቀያየሩ። ጊደሯ ከመንጋዋ ሳትለይ ቀረች። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወረቡ እስኪያልቅ ድረስ መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ፤ በሩ ከበሮው በተመታ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር።