ሻምበልና ጉዱ ካሣ

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የተዋወቅነው በጆሯችን ነው። የሠፈራችን ልብስ ሰፊ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ በካሴት ቀድተው ይዘውት ነበርና፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደጃቸው ላይ ተኮልኩለን፣ የሲንጀሩ ድምፅ ሲጋርድብን «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ያቁሙልን!» እያልን እናዳምጣለን። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ መሆኑን እንኳ ያወቅነው በኋላ ነው።

መቼም ልጅ የሚማረው ከሚመስለው ሰው ነው ይባላል። እንደዚያ ቢሆን መማር የነበረብን ከበዛብህ ነበር፤ ድሃ፣ ተማሪ፣ ሰው ፊት የሚያፍር፤ ቁርጥ እኛን። ለበዛብህ ግን አዘንንለት እንጂ ምንም አልተማርንበትም። (ለራስ ማዘን መቼ ትምህርት ይሆናል?) የያዘን ጉዱ ካሣ ነው። ትልቅ ሰው፣ የባላባት ዘር፣ እኛ በማናውቀው ወግ ላይ ሲሟገት የሚውል፣ አገሬው ሁሉ «ለይቶለታል» የሚለው ሰው። ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

መጀመሪያ ሳቅንበት። ከፊታውራሪ መሸሻ ቤተሰብ ጋር ሆነን ሳቅንበት። ትረካው እየገፋ ሲሄድ ግን በዚያ ግቢ ልባም ነገር የሚናገረው እሱ ሆኖ ተገኘ፤ በክፉ ቀን ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ የቆመላቸውም እሱ። አፈርን። ማንም «ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» አላለንም። የአማርኛ መማሪያችን በየተረቱ መጨረሻ ይህን ይጠይቀን ነበር፤ ስለ ዝንጀሮውም ስለ ጅቡም ከመለስነው ዛሬ አንዱን አናስታውስም።

እንግዲህ ነውራችንን እንናገር። በሠፈራችን አሮጌ የወታደር ካፖርት የሚለብስ፣ እኛ «ሻምበል» ያልነው ዕብድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጦ ብቻውን ያወራል። እንወረውርበት ነበር። ጠጠር ነው እንላለን፤ ሁሉም ግን ጠጠር አልነበረም። ጉዱ ካሣን ከሰማን ወዲህ ተውነው። ጭራሽ አጠገቡ ሄደን መቀመጥ ጀመርን፤ ይኸም ሰው ሠፈሩ ያልገባው እውነት ይዟል ብለን። አንደኛችንማ ደብተር ይዞ ሄደ፤ የሚናገረውን ሊጽፍ!

ሦስት ቀን ጻፈ። ምን ዋጋ አለው! ስለ አንዲት በቅሎ፣ ስለ ብርድ፣ ደግሞ ስለ በቅሎዋ። ሻምበል ጉዱ ካሣ አልነበረም። ሕመምተኛ ሰው ነበር፤ በቃ።

ተናደድን፤ እውነቱን ለመናገር የተታለልን መሰለን። በአራተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ ጠጠር አነሣ። ሌሎቻችን አየነው፤ ዝም አልን። ሻምበልን ያከበርነው ብልህ መስሎን እንደነበር የገባን ያኔ ነው። ብልህ ካልሆነስ ምን እናድርገው? ካሴቱ ይህን አልነገረን። ጉዱ ካሣ ትክክል ስለነበረ ወደድነው፤ ይኸኛው ትክክልም አይደለም፣ ስሕተትም አይደለም፤ በርዶት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ጠጠሩም ያው ጠጠር ነው።

ልጁ እጁን አወረደ። ለምን እንዳልወረወረ ዛሬም ስንጠይቀው ይስቃል እንጂ አይመልስም።

ሻምበል ቀና ብሎ አየንና፣ «በቅሎዋን አያችኋት?» አለን።

«አላየናትም» አልነው።

«ካያችኋት ንገሩኝ» አለ። እሺ አልነው።