የማጂ መንገድ የመጀመሪያው ደረጃ

ጌታ ቢፈቅድና ወደ ማጂ ለመሄድ ብታስቡ በማለዳ ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ ተገኙ። መኪናው ቡናውንና እንሰቱን ወደ ኋላ ትቶ በጀሙ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ቱምን አልፎ ደግሞ ወደ ደጋው ይወጣል። አገሩ የዲዚ ሕዝብ አገር ነው፤ በስተምሥራቅ የኦሞ ቆላ ተዘርግቷል። ለእኛ ለወንጌል አማኞች ስሙ እንግዳ አይደለም። የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን እዚያ ጣቢያ ነበራቸው፤ በልጅነቷ በማጂ የኖረችው ካሮላይን ኩርትዝም ትዝታዋን በ2019 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥታዋለች።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ተራራው ውበት ሳይሆን ስለ መኪናው መወጣጫ ነው።

ቅጥቅጥ አይሱዙ የምንለው አውቶቡስ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ ወለሉ ከፍ ያለ ነው፤ በሩም ጠባብ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ከመሬት ይርቃል። ለእኛ አንድ እርምጃ የሆነው በክራንች ለሚሄድ ወንድም ግድግዳ ነው። በዊልቸር የምትሄድ እህት ደግሞ ሰው ተሸክሞ ያስገባታል፤ ወንበሯ ፖርቶመጋላ ላይ ከጆንያ ጋር ይታሰራል። እስቲ ባሎች፣ የማታውቁት ሰው በተሳፋሪ ሁሉ ፊት ሚስታችሁን ወገቧን ይዞ ቢያነሣት ምን ይሰማችኋል? በየመንገዱ ወርዶ ሽንት ቤት መሄድን ፈርተው ውኃ ሳይጠጡ የሚጓዙም አሉ።

በዚያው አገር የቡና ጆንያ ሲጫን አይታችኋል? ከመሬት እስከ መኪናው ወለል ጣውላ ይጋደምና ተሸካሚው በእርሱ ላይ ይወጣል። ለጆንያ የተገኘ ጣውላ ለሰው ምነው ጠፋ?

ሥራው እኮ ከባድ አይደለም። በመናኸሪያው አንድ ጥግ የመኪናውን ወለል የሚያህል የድንጋይ መድረክ፣ ወደ እርሱም የሚያወጣ ለዘብ ያለ ተዳፋት ይሠራ፤ ከመድረኩ ወደ መኪናው አጭር ጣውላ ይበቃል። የመኪኖቹ ቁመት ስለሚለያይ ጣውላው የሚነሣ መሆን አለበት። የጣና ጀልባዎች ጉዳይም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የሐይቁ ውኃ ከክረምት በኋላ ሞልቶ በበጋ ስለሚጎድል፣ ጀልባው ከመሳፈሪያው ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሆንም፤ አንድ ጫፉ በማጠፊያ የታሰረ፣ ሌላው ጫፉ ከጀልባው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል መሸጋገሪያ ያስፈልገዋል። በመንገድ ላይ ለመውረድ ደግሞ ረዳቱ ከወንበር ሥር የሚይዘው የእንጨት መርገጫ ለክራንች ተጠቃሚም ለነፍሰ ጡርም ይጠቅማል።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 መጓጓዣን በስም ይጠቅሳል። ወረቀቱ ግን ማጂ መንገድ ላይ ገና አልተሳፈረም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ጣሪያ ነድለው ሽባውን ያወረዱትን አራት ሰዎች ስንሰብክ ኖረናል፤ መልካም ነው። በሩን የዘጋው ማን ነበር? ቃሉን ሊሰማ የመጣው ሕዝብ ነው እኮ! ይህን ሳስብ እኔም እደነግጣለሁ፤ በኮንፈረንስ አውቶቡስ ስንቴ ቀድሜ ገብቼ የፊቱን ወንበር ይዣለሁ።

በሚቀጥለው ኮንፈረንስ ቤተ ክርስቲያናችሁ መኪና ስትከራይ ከፋይዋ እርሷ ናትና መርገጫውን ከውሉ ጋር ጠይቁ። ሹፌሩ ሞተር ሳያስነሣ፣ ሌላው ሰው ሳይሳፈር፣ ክራንች ወደያዘው ወንድም ቀረብ በሉና እርሱን ራሱን ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ በየት በኩል ብንይዝህ ይሻልሃል? ወይስ ራስህ ትወጣለህ?»